ከየት ሰማኸው?

ሥራዬ አረም ነቀላ ነው፤ በሰዓት ይከፈለኛል፤
ሕዝቡ ሌሊት የጻፈውን ምክር ቤቱ ይልክልኛል።
ስድብ ካለ እነቅላለሁ፣ ሐሳብ ካለ እተዋለሁ፤
ሁለቱ በሥር የተቋለፉ ለት
እጄን አጣጥፌ በረዶ አያለሁ።

ከተማችን ትንሽ ናት፤ የሰሜን ፊንላንድ ጥግ፤
ሐይቅ፣ ጥድ፣ ደግሞ አንድ መጋዘን
ድሮ ስልክ ይገጠምበት የነበረ፣ አሁን በሩን የበላው ዝገት።

የዘንድሮው ጣጣ ምሰሶ ነው፤ ኮረብታው ላይ ይቆማል አሉ፤
ስልካችንን ከሰማይ የሚያስር፤ እሺ፣ የማን ይሁን ታዲያ ምሰሶው?
ርካሹ ከሩቅ ምሥራቅ? ወይስ ውዱ ከጎረቤት?
የኃያላኑ ጠብ ዞሮ ዞሮ
ጫማውን ሳያራግፍ ገባ እኛ ቤት።

ካውኮ ሌሊት ይጽፋል።
ሠላሳ ዓመት በዚያ መጋዘን ስልክ ሲገጥም ኖሮ
ፋብሪካው የተዘጋ ቀን ካቻቢቴውን በኪሱ ይዞ ወጣ፤
እስከ ዛሬ አልመለሰም።
«ሸጡን!» ይላል፣ «ዓይናችን እያየ ሸጡን!
አሁን ደግሞ ጆሮ ያለው ብረት ሊተክሉብን!»

ቱዎቪ ጧት ትመልሳለች። ከሒሳብ መምህርነት ጡረታ ወጥታለች፤
ቀይ እስክሪብቶዋን ግን አሁንም ይዛለች።
«ካውኮ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ፊደል ገድፈሃል፤
ብረቱ ጆሮ እንዳለው ደግሞ ከየት ሰምተሃል?»

ከየት ሰማኸው? በጥቅምት ይቺው፣ በኅዳር ይቺው፣
ፀሐይ ጨርሶ በማትወጣበት ወርም ይቺው።
እሱ ቁጣ፣ እሷ ቁጥር፤ እሱ ስሞታ፣ እሷ ማስረጃ፤
በላ ልበልሃ ነበር እንጂ ሌላ ምን ይባላል፣
ዳኛ በሌለበት፣ ጥላ ዛፍ በሌለበት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ።

አንድ ሌሊት ካውኮ ዜና ይዞ መጣ።
ፎቶ አለው፤ ቀን አለው፤ ክብ ማኅተም አለው፤
ኖርዌይ ድንበር ላይ አንዲት መንደር
ያንኑ ምሰሶ በተከለች በሳምንቷ
ንቦቿ በሙሉ ረግፈው አደሩ፣ ይላል።
እስኪነጋ ዜናው ከእኔ ፈጠነ።
ቱዎቪን «ቅጥረኛ» ያላት ነበር፤ ነቀልኩት።
ሌላም ነበር፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

ጧት አልመለሰችም። በማግስቱም።
በሦስተኛው ቀን እንዲህ ጻፈች፦
«ደወልኩ። የመንደሩ ጸሐፊ ራሱ አነሳ።
ምሰሶ የለንም አለኝ። ንብም የለንም።
ቦታው ለንብ ይበርዳል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላል ተረቱ፤
ከጣት የወጣውስ? አፋፍ እንኳ የለው የሚቆምበቱ።

ያን ሌሊት ስክሪኔ ላይ «ካውኮ እየጻፈ ነው» ይላል።
ያቆማል። እየጻፈ ነው። ያቆማል።
ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መብራቱ ይታየኛል፤
ምድጃው ላይ እንጨት ሊጨምር ይነሳል፣ ይመለሳል።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ንጋት ሳይሆን ንጋት ሲባል፦
«ተሳስቻለሁ።
ንቦቹን ማን እንደፈጠራቸው አላውቅም፤
ያመንኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ማመን አምሮኝ ነበር።
ምሰሶውን አሁንም አልፈልገውም።»

ቱዎቪ በሁለት ሰዓት፦
«ዛሬ ፊደል አልገደፍክም።
እኔ ምሰሶውን እፈልገዋለሁ። ነገ እንቀጥላለን።»

የንቦቹን ዜና ሦስት ሺህ ሰው አነበበው፤
«ተሳስቻለሁ»ን አሥራ አንድ።
ቆጥሬዋለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ምክር ቤቱ ውሳኔውን ለመጋቢት አሳደረው።
እኔም የሰዓቴን ሒሳብ ሞልቼ ላክሁ፤
ለዚያ ሌሊት ምንም አልጻፍኩበትም፤ የተነቀለ አረም አልነበረም።

ትናንት ሱቅ ደጃፍ አንዲት ሴት የማር ዋጋ እያየች
«ምን ይደረግ፣ ያ ምሰሶ ፈጃቸው እኮ» ስትል
ከኋላዋ ቆሜ ሰማሁ።
«ከየት ሰማሽው?» ልላት
አፌን ከፈትኩ፤
ብርድ ገባ።