አሥራ አንድ ሰከንድ

ለከተማው መንገድ፣ ለሚመለከተው፤
አመልካች አንማው ነኝ፣ ሰዓት ጠጋኙ ሰው።
ሱቄ ከፌርማታው ፊት ለፊት ናትና፣
ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ሳጠና፣
ሞተሩን በድምፁ፣ ጎማውን በአቧራ፣
ገና ሳይታጠፍ ዐውቀዋለሁ በተራ።

ያቺ ሦስት ቁጥር፣ ማርሽ ሲነካ የሚያስላት፣
ዓባይን ባንዳፍታ ተሻግራ መጥታ፣ ገበያው የሚያንቃት፤
ባጃጅ በግራዋ፣ ብስክሌት በቀኟ፣
አህያ ከፊቷ፣ በግ ነጂ ከጎኗ፣
ሙዝ የጫነ ጋሪ መሃል መንገድ ቆሞ ዋጋ ሲደራደር፣
አርባ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፣ ስትገተር።

የጊዜ ሐኪም ነኝ፤ ጊዜ ሲደማ አይቼ፣
እንደምን ልቀመጥ፣ ሱቄን ዘግቼ?

ሐሳቤ ይኸው ነው፦
ከገበያው ጥግ፣ ከአሮጌው ሚዛን ቤት፣
አንድ ማሳለጫ ይነሣ፣ በዐሥር ምሰሶ ጉልበት።
ከታች ጋሪው ይለፍ፣ በጉም ይሸጥ ታስሮ፤
ከላይ አውቶብሷ፣ እንደ ደንገል ታንኳ፣ ትለፍ በአየር ጓሮ።
ሁለተኛው ክንፉ ወደ ፔዳ ይታጠፍ፣
ተማሪው ከትምህርት፣ ነርሷ ከፈረቃ፣ ከመዘግየት ይትረፍ።
አምስት ቁጥር ትቅር፤ ጊዮርጊስን ዞራ፣ ጊዮርጊስን ዞራ፣
እንደ ተሳላሚ ባዶዋን ትውላለች፣ አንድ ሰው ሳትጠራ።
እሷን ለመሸንቲ ስጧት፤ እዚያ ነው ያለው ሰው፣
ሌሊት ዐሥር ሰዓት ወተት ተሸክሞ በእግሩ የሚደርሰው።

ባለፈው ስመጣ መሐንዲስ ይበልጣል ሳቁብኝ፤ ‘ባየር ላይ?
ምሳሌው የት አለ?’
ከደጅዎ ነዋ! ማታ ብቅ ይበሉ፣ ከድልድዩ፣ ከዓባይ፤
ጉማሬዋ ከታች፣ ልጇን አስከትላ፣
አውቶብሷ ከላይ፣ መብራት አንጠልጥላ፣
ጡሩምባ ሳይነፉ፣ ‘ቀደምሽኝ’ ሳይባባሉ፣
አንዷ ወደ ሣሯ፣ አንዷ ወደ ሰፈር፣ በሰዓት ይገባሉ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣኝ።
አትጠገብ አለች፣ በቆሎ ጠብሳ በአውቶብስ መስኮት የምትሸጥ።
ሥዕሌን አሳየኋት፤ አየችው፣ አየችው፣ በከሰል ጣቷ ነካችው፣
‘አውቶብሱ ካልቆመ የእኔ ኑሮ ቆመ’ ብላ መለሰችው።
ምን ልበላት?
ሦስት ቀን ሱቄ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽሬን ዐይኔ ላይ ደፍቼ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰዓት ፈትቼ ገጠምኩ፣ ገጥሜ ፈትቼ።
በአራተኛው ቀን ደረጃ ሣልኩለት፤ ከድልድዩ ወገብ ፌርማታ ጨመርኩ፣
ለአትጠገብ ጥላ፣ ለምድጃዋ ቦታ፣ በቀይ አሰመርኩ።

ወጪውን ከጠየቁ፣ እሱን አላውቅም፤
ሲሚንቶ ገዝቼ፣ ብረት ለክቼ አላውቅም።
ጥቅሙን ግን ለካሁ። ካልተጨረሰው ፎቅ፣ ሁለተኛው ወለል፣ በዚያው ልክ ከፍታ፣
ዘበኛውን ለምኜ ወጣሁና ቆምኩኝ፣ ወደ ሰሜን ዞሬ፣ ቅዳሜ ማታ።

ጣና!
ከሆቴሎቹ አጥር፣ ከቆርቆሮው በላይ፣ ከዘንባባው አናት፣
ጣና ተንጣልሎ፣ ቆጣሪው የወለቀ፣ ፊቱ ሰፊ ሰዓት።

አውቶብሷ በሠላሳ ብትሄድ፣ አስልቼዋለሁ፣
አሥራ አንድ ሰከንድ ይታያል።
አሥራ አንድ ሰከንድ
ብረት ይዞ የቆመ፣ በሰው ብብት ሥር ያለ፣ የቀን ሠራተኛ፣
በሐይቅ ከተማ ኖሮ ሐይቁን ካየ ዓመት ያለፈው እንደኛ፣
አንገቱን ያቀናል።

ሥዕሉ ከጀርባው ነው፤ አባሪ፣ አንድ ገጽ።
(መሃሉ ላይ ያለው ክብ የሻይ ብርጭቆ ነው፤ አደባባይ አይደለም።)

ጸሐፊዋ ተቀበለች፤ ቀን ጻፈችበትና ማኅተም መታች በላዩ፦ ‘ደርሷል’።
ቅጂዬን ይዤ ወጣሁ፣ ፌርማታው ጋ ቆምኩ፤ ሰዓቱ መሽቷል።
ሦስት ቁጥር የለችም።
ገበያው ጋ ሆና ስታስል፣ ከሩቅ ይሰማኛል።