ያልቆምንበት ደጅ

ከድሬ ተነሥቼ፣ ደንገጎን ስወጣ፣
ሙቀቱ ከኋላ፣ ብርዱ ከፊት መጣ።
ሃምሳ ኪሎ ሜትር አርባ ዓመት ፈጅቶብኝ፣
ጎረቤት ነኝ ብዬ፣ ነገ ነገ ብዬ፣ ዛሬ ገና ነጋልኝ።

ሸዋ በር ላይ ረምዚ፣ ጃንጥላውን ይዞ
ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሰማዩ ባዶ ነው፣ ደመናው ተጉዞ።
«ለዝናብ ነው እንዴ?» «ለሰው ነው» አለኝ፣ ሳቅ ብሎ፤
«እንግዳ ሲበዛ እንደ ባንዲራ ነው፣ ከራስ በላይ ተሰቅሎ።
ዛሬ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ምርኩዝ ይሁን እንግዲህ።
ነይ፣ ቁልቁለት ነው፤ ጁገል ይጀምራል ከዚህ።»

መኪና ግርግር ገባን። ግራ ቀኙ ልብስ ሰፊ፣
ሜትር ባንገቱ ጥሎ፣ ያላፊውን ወገብ በዓይኑ ለክቶ አሳላፊ።
«የስሙ ምክንያት ይኼው፤ ስሚው» አለና ዝም አለ።
ሃያ ሲንጀር ባንድ አፍ የመንገዱን ስም ጠራ፤
አንዱ ክሩ ተበጥሶ ከመሐል ጎደለ።
ባለ ክሩ ሽማግሌ ቀና ብሎ «ቁልፍሽ ሊወልቅ ነው» አለኝ፣
እላዬ ላይ እንዳለ ሰፋልኝ፤ ገንዘብም አልተቀበለኝ።

ከዚያ የህንዱ ቤት።
በረንዳው እንጨት ነው፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ።
«ጣውላው ከባሕር ማዶ፣ ከዘይላ በግመል ተጭኖ ደረሰ፤
አናጢው ሠርቶ ጨረሰ፤
እዚሁ ይቅር፣ ይመለስ፣
የሚያውቅ የለም» አለ። ጃንጥላውን ወደ ላይ ቀሰረ፤
ከወራጁ በታች አንድ መስመር ፊደል ነበረ።
ሐረሪው አያነበው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው አያነበው።
«ለፈረንጅ ሲሆን ጸሎት ነው እላለሁ፤ ዓይኑ እንባ ነው።
ለአዲስ አበባ ሙሽሮች የፍቅር ቃል ነው፤ ፎቶ ይነሣሉ።
ለተማሪ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።»
«ለእኔስ?» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤
«አንቺማ የድሬ ሰው፣ የነጋዴ አገር ልጅ ነሽ፤
ያልተከፈለ ዱቤ ነው ብልሽ
አታምኚም?» አለና አሳቀኝ።

ኡጋው ጠበበ። ትከሻ ለትከሻ፤
ቀይ አፈር፣ ኖራ፣ እንደገና ቀይ፤ መጀመሪያ የለው መድረሻ።
አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ስትመጣ፣ ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን አሳለፍናት።
«እዚህ ተኳርፎ መተላለፍ አይቻልም፤ ለዚህ ነው የዕርቅ መንገድ ያልናት።»

በየደጁ ቆመ። ይኼ የመጽሐፍ ጠራዥ፣ ቆዳ እያለፋ የኖረ፤
ያኛው መርከበኛ፣ ጃቫ ድረስ የዞረ፤
ይኼኛው፣ በዕርቅ መንገድ መሐል፣ ከሚስቱ ጋር
ሠላሳ ዓመት በልጅ አፍ የተነጋገረ።

ካንዱ በስተቀር።
ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ፣ ጉበኑ የተሰነጠቀ፣
አሮጌ ሰንሰለት ላይ አዲስ ቁልፍ የተንጠለጠለበት።
እዚያ ሲደርስ እርምጃው ፈጠነ፤ ጃንጥላው ግን
በሩን ነካው፣ አንዴ ብቻ፣ እንደሚያንኳኳ ሰው።
ከማዶ ምስር የምትለቅም ሴት «ረሙ!» ብላ ጠራችው፣
በሐረሪኛ አከታትላ ጠየቀችው።
ቋንቋውን አላውቅም። «ኮንዶሚኒየም» ግን
በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው፤
ደግሞ በእጇ ደረጃ ሠራች፣ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ወደ ላይ፣
ጉልበቷን ይዛ አቃሰተች፣ እንደ ሌላ አሮጊት ሆና።
«አልሐምዱሊላህ» አላት። አልቆመም።
እኔም አልጠየቅኩትም።

ቡዳ በር ስንደርስ ሂሳቡን ቆጠርኩለት፤
መቶ ብር መዝዞ መለሰልኝ። «ምንድነው?» አልኩት።
«አንድ ደጅ ዘልያለሁ፤ ያልነገርኩትን አላስከፍልም።»
እኔ አልተቀበልኩም፤ እሱም እጁን አላጠፈም።
ብሩ በመሐላችን ቆሞ፣ ለውዝ ሻጭ ልጅ አየን፤
ለውዝ ገዛንበት። ግንቡን ተደግፈን በላን፣
ቅርፊቱን ጃንጥላው ላይ እያጠራቀምን።

ማታ ድሬ፣ ከዚራ፣ ልብሴን ሳወልቅ
ትከሻዬ ቀይ አፈር ነው፤ የየትኛው ግድግዳ እንደሆነ አላውቅ።
ቁልፌ ጠብቋል።
ክሩ አረንጓዴ ኖሯል፤
ሸሚዜ ነጭ።