ሦስት ጊዜ

«ሰላም ነው?» በእኛ ዘንድ ጥያቄ አይደለም፣
ማለፊያ ቃል እንጂ፤ መልስ የሚጠብቅ የለም።
ጠያቂው ድልድዩን ቀድሞ ተሻግሮታል፣
«ሰላም ነው» ያለው ሰው ለጀርባው ነግሮታል።

ኢድሪስ ግን ይቆማል።
በዝናብም ቢሆን፣ ቦርሳውን አቅፎ፣
አስቦ ይመልሳል፣ ግንባሩን አጥፎ።

ከዌልስ የመጣ የሒሳብ መምህር፣
በሃምሳ ሦስት ክረምት፣ እኛን ሊያስቆጥር።
«ኢድሪስ» ሲል ስሙን፣ ሰፈሩ ተያየ፤
«ወሎ የት ጋ ነው?» ብሎ ቀይ ጢሙን አየ።
እሪ በከንቱ ላይ ቤት ያዘ፣ የሚያፈስ፤
ስሟን ብንፈታለት ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ከሳቁ ሲመለስ፣
(ጠጅ ቤት ነው፤ እኔ ብርሌ አጣቢ ልጅ)
«የኔም ከተማ» አለ፣ «ትጮኻለች፣ ግን በዓመት አንዴ እንጂ።

ድንኳን ይተከላል። ቄሱም ከሰል ቆፋሪውም ይመጣል።
ገጣሚው በሐሰት ስም ግጥሙን ልኮ፣ ከሰው መሃል ይቀመጣል።
ያሸነፈ ሲጠራ ይነሳል። ሽልማቱ ወንበር ነው፤
ብር አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፤ የሚቀመጡበት ነው።
ግን አስቀድሞ ሰይፍ፣ ከአፎቱ በግማሽ ይመዘዛል፣
'ሰላም ነው?' ሦስት ጊዜ ይባላል።
ሦስት ጊዜ ሕዝቡ 'ሰላም' ካላለ፣
ወንበሩም ባዶውን፣ ሰይፉም እንደተንጠለጠለ።»

መሪጌታ ልሳኑ ብርሌውን አስቀመጠ፦
«ወንበርስ ከእኛም ቤት አልጠፋ፤ ማን ያልተቀመጠ?
ዳኛውም ወንበር ነው፣ መምህሩም ወንበር ነው፤
ይልቅ ያልነበረን፣ መልስ የሚጠብቀው ያ ጥያቄው ነው።»

አናጢው ውድማጣስ ምንም አልተናገረ።
ጳጉሜ አምስት ግን፣ የዝግባ ወንበር ከደጅ ገተረ።
ሰይፍ ከየት ይምጣ? መጋዙን አመጣ፣
በአቡጀዲ ጠቅልሎ፣ ጥርሱ በግማሽ ወጣ።
«ሰላም ነው?» አለ ኢድሪስ። «ሰላም!» አለ ሰፈሩ።
ከወዲያ ማዶ ያሉት ሌባ መስሏቸው፣ ዱላ ይዘው በረሩ።

ከዚያ ዓመት በዓመት።
የመጀመሪያው ወንበር ለሥጋ ቤት ሒሳብ ያዥ፣
ሁለተኛው ለደብሪቱ፣ ለስልክ አገናኟ።
አንዱ ለቤት ኪራይ ሸጠው። የአንዱን ሚስቱ ለሠርግ አከራየችው።
በስልሳ ዓመተ ምሕረት ዳኞቹ ተደባደቡ፣ አንድ እግሩ ተሰበረ፤
ያሸነፈው ሰውዬ እስኪሞት እየተወዛወዘ ኖረ።

ኢድሪስ በስልሳ ሰባት ሄደ። ጃንጥላውን ተወ።
ጥያቄውን ደብሪቱ ወረሰች፤ ድምጿ ሩቅ መስመር የለመደ ነው።

ጳጉሜ፣ ስልሳ ዘጠኝ።
በማኅተም የተፈቀደ በዓል።
ከደጅ ላንድሮቨር፣ ሞተሩን ያልዘጋ፣
ከኋላ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች፣ ከግድግዳው ጋ።
ደብሪቱ መጋዙን ሳበች።
«ሰላም ነው?»
ሰው ጫማውን አየ።
«ሰላም ነው?»
አንድ ሕፃን ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ እናቱ በመዳፏ ከደነችው።
«ሰላም ነው?»
ሞተሩን ሰማን።

እሷ ግን ወረቀቱን ገለጠች፦
«አሸናፊ፣ ደጅ ጠኚ። ይነሳ።»

ደጅ ጠኚ እኔ ነበርኩ።
ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩት።
አጠገቤ ያለው ሰው፣ ሳያየኝ፣ ክንዱን ጭኔ ላይ ጫነ፤
እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አውቆ ይሁን ደክሞት።
«ደጅ ጠኚ የለም» ተባለ።
ውድማጣስ ወንበሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው።
መጋዙን ወደ ጨርቁ የመለሰ የለም።

ዘንድሮ ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ቆርቆሮው ሲነሳ፣
ከደብሪቱ ጓዳ ወንበሩ ወጣ፣ ከነአቧራው፣ ከነጨርቁ ቁራሽ።
ዝግባው አልነቀዘም።
አይሱዙ ላይ ጫኑት፣ ከድስትና ከፍራሽ መሃል፣
አራት እግሩን ወደ ሰማይ።
ጫኚው ልጅ ላቡን በቲሸርቱ ጠርጎ ሲያልፍ፦
«አባባ፣ ሰላም ነው?»

ቆምኩ። ቦርሳ እንኳ የለኝም፣ ላቅፍ።
አፌ እንደ ልማዱ ሊመልስ ሲል ያዝኩት፤
ግንባሬን አጥፌ አሰብኩ።
ልጁ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመድ ያጠብቃል።

አንድ ጊዜ ጠየቀ።
ሁለት ይቀረዋል።