በሌላ ስም አቤት

ቦርዶ ላይ ነው፣ ከጋሮን ወንዝ ማዶ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሻዩ ጠረጴዛ ላይ በርዶ፣
ማኤሊስ ቶዛን አንዲት ፈንክሽን ጻፈች፤
አሥራ አራት መስመር፤ በቃ፣ አለቀች።
ተራ ሥራ ይሉታል፤ አዎ፣ የተራ ሥራ ነው፤
ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ፣ ጥያቄው ይኸው ነው።

ግድቡ በነጥብ ተሰፍሮ፣
ነጥብ ከነጥብ በመስመር ታስሮ፣
ከመሃል አንዱን ያለጊዜው ካነሡት
ትናንት የማይተዋወቁ ጎረቤቶቹ
እንደ ለቀስተኛ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤
አዲስ ዝምድና፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ዕዳ፣
ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ የማሽኑ ጓዳ።
ስለዚህ ግራፉ ከወገቡ ይከፈላል፤
ግራው ይሄዳል፣ ቀኙ ይከተላል፤
ድንበር ላይ የቆሙት መጨረሻ ይወጣሉ፣
እንደ አስታራቂ ሽማግሌ
ሁለቱን ወገን ሸኝተው፣ በሩን ዘግተው።

ይህን የሚያውቅ አዲስ ላይብረሪ አለ፤
ፈጣን ነው፤ ስሙም አዲስ ነው።
ፖ ከተማ ግን፣ ከፒሬኔ ግርጌ፣
የኦዲሎን ካስታኜ የሠላሳ ዓመት ፕሮግራም
ዛሬም የሚጣራው የድሮውን ስም ነው።
ከአንድ ይቆጥራል፤ ዜሮ የሚባል አያውቅም።
ማን ደፍሮ ይንካው? ውኃ የሚያህል ነገር ከጀርባው ቆሟል።

ማኤሊስ በሩ ላይ ደንገጡር አቆመች፦
የድሮው ስም ሲጠራ "አቤት" የምትል፣
ከየቁጥሩ አንድ ቀንሳ የምታስገባ፣
አንድ ጨምራ የምታስወጣ።
የራሷ ሐሳብ የላት፣ የራሷ ስም የላት፤
የሟች ስም ለብሳ፣ መልእክት ነው ሥራዋ።

በኅዳር ከካስታኜ ደብዳቤ መጣ፦
"በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረው ስሌት
አሁን ሌሊቱን ሙሉ ያዛጋል።
ማሽኑ አርጅቷል መሰለኝ። ወይ እኔ።"

ኮዱን ከፈተች። ሁለት ዝርዝር አለ፤
አንዱ "እገሌ ስንተኛ ነው?" ይላል፣
ሌላው "ስንተኛው እገሌ ነው?"
መንትያ ናቸው፤ እናታቸውም ትስታቸዋለች።
እሷ አለዋውጣ ሰጥታ ነበር።
መልሱ አልተሳሳተም፣ ግድቡም አልፈረሰ፤
ብቻ መሃል ያለው ቀድሞ እየተነሣ
ሌሊቱ ሁሉ ለቅሶ፣ ሠፈሩ ሁሉ ዘመድ።

ሁለት ቃል ቦታ አቀያየረች።
ከዚያ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች፦
"አላረጁም። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

መልሱ ማታውኑ ደረሰ፦
"በዘጠኝ ደቂቃ! ይቅር ብያለሁ።
አሁንም ግን ከአንድ ነው የምቆጥረው።"