አራት መቶ ዐሥራ ሰባት

ከጨረታው አዳራሽ፣ ከበረዶው በላይ፣
ጨው የላሰው መስኮት ባሕሩን የሚያሳይ
አንዲት ጠባብ ክፍል፣ በቡሬላ ወደብ፤
እኔም መረብ አለኝ፣ ቁጥር የሚሰበስብ።

ሁለት ሰንጠረዥ ነው፤ አንደኛው የጀልባ ነው፣
ለያንዳንዷ ጀልባ አንድ ረድፍ የሰጠው፦
ቁጥሯ፣ ስሟ፣ ርዝመቷ፣ የባለቤቷ ስልክ።
ሌላው የሽያጭ ነው፤ የለውም ጫፍ፣ ልክ፦
ቀን፣ የዓሣው ዓይነት፣ ኪሎው ከነዋጋው፣
ጀልባዋን በቁጥር ብቻ የሚያወሳው።

ስም አያውቅም ሽያጭ። ስም ሲፈልግ ግና
በቁጥሯ ድልድይ ላይ ይሻገርና
ከዚያኛው መዝገብ ላይ ያገኘውን ያመጣል።
ፕሮግራሙ ይህንን ‹ዝምድና› ይለዋል፤
አንዲት እናት ለብዙ፣ ብዙ ለአንዲት እናት፤
ቀጭን መስመር ናት፣ ስክሪን ላይ የሣልኳት።

የዓመት መጨረሻ። ራሚሮ፣ አለቃዬ፣
በሬን ገፋ አድርጎ ቆመ ከኋላዬ፦
‹የትኛዋ ጀልባ ስንት ሸጠች? ንገሪኝ፤
ቅዳሜ ስብሰባ አለ፣ አታሳፍሪኝ።›

ቀመሬን ጻፍኩና አንድ አዲስ ዓምድ ሠራሁ፤
ቁጥር ይዞ ሄዶ ስም ይዞ ሲመጣ አየሁ።
ሎላ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ፔድራ ኔግራ፣
ስሞች እንደ አምፖል በሩ ተራ በተራ።
ሁለት መቶ ስድስት ረድፍ ግን አልበራም።
ስሕተት ቢሆን ይጮኻል፤ ባዶ ግን አያወራም።

መጀመሪያ ያማሁት የጸሐፊን ጣት ነው፣
ከቁጥሩ ኋላ አንድ ክፍተት የተወው፤
ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማሽን ግን ባዕድ፤
ቅንጣት ክፍተት ትለያለች ዘመድን ከዘመድ።
አጸዳሁት ያንን። ሠላሳው ተመለሱ።
የቀሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው የለበሱ፦

አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።

በጀልባው መዝገብ ላይ ዐሥራ ስድስት አለ፣
ከዚያ ዐሥራ ስምንት፤ መሃሉ እንደ ጥርስ ተነቀለ።
ወርጄ ጠየቅኩት አማሮን፣ መረብ ጠጋኙን።
መርፌውን ሰካና አወለቀ ቆቡን።
‹ሮሳ ዳ ባራ ናት፣ የኡሺዮ ጀልባ፤
የካቲት ላይ ወጣች፣ ባሕሩ እያባባ።›
ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ረድፉን የሰረዘች ኤርሜሊንዳ ኖራለች፤
ማኅተሟን በእጇ ላይ እያገላበጠች፦
‹ባሕር በወሰዳቸው በአራተኛው ቀን ላይ
ማሽኑ ለሳቤላ ላከ የመቆሚያ ኪራይ።
ጀልባዋ ከታች ናት፤ ማሽን ምን ገዶት!
እኔ ሰረዝኩላት፣ ደግሞ እንዳይልክባት።›

ምሕረት ነበር ለካ። ግን ሲጠፋ ስም
የመጨረሻው ሳምንት ዓሣ አልተከፈለም፤
ሰባ ሣጥን ሜርሉሳ፣ ተመዝኖ ተሽጦ፣
ዓመት ሙሉ ባዶ ላይ ቆሟል አፍጦ።

ረድፏን መለስኩላት፣ ከዓምናው ቅጂ ወስጄ፤
‹ሁኔታ› የሚል ዓምድ ጨመርኩባት በእጄ።
‹በባሕር›፣ ‹በወደብ›። ሁለቱም አልሆኗትም።
ብዙ አሰብኩ። ከዚያ ጻፍኩ፦ ‹አልተመለሰችም›።
ኪራዩ ይህን ሲያይ እንዲያልፍ አደረግሁ፤
ነፍስ አልዘራሁባት፤ መዝገብ አስተካከልሁ።

አደስኩት። ስሟ በራ፣ መቶ ሰባ ስድስት ጊዜ።
ራሚሮ ‹ሞላ!› አለ፤ አልታየውም ትካዜ።

አንድ ዓምድ ቀርቶኛል፣ ቀመር የማይሞላው፦
የባለቤቷ ስልክ። ጣት ነው የሚደውለው።
ዘጠኙን አኃዝ ነካሁ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።
ከመስኮቴ በታች አንድ ሞተር አጓራ።

‹ማን ልበል?› አለችኝ።
ስሜ ጠፋኝ።