ወደ ግራ ተመልከቱ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። መርከቡ ከወሽመጡ መሐል ቆሟል፤
ዐሥራ አራት ፎቅ ነው፤ ለታንኳዎቹ ፀሐይ ጋርዶባቸዋል።
ከሆዱ የወጡ ጀልባዎች ሰው ቀድተው ወደ ዳር ያፈስሳሉ፤
የናትራንግ ውሾች ሳይቀሩ ዛሬ ሐሙስ መሆኑን ያውቃሉ።

ንጋ ወደቡ ላይ ቆማለች፣ ቁጥሯን በዘንግ ሰቅላ።
በአገሯ ተረት ስሟ ጨረቃ ላይ የምትኖር ሴት ነው፤
በእኔ ቋንቋ ግን ለሌሊት የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፦
ንጋ።
ሁለቱም ያስኬዳል፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ነቅታለች፤
የእናቷን የዓሣ ቅርጫት ገበያ አድርሳ መጥታለች።

"ሠላሳ ሁለት ሆነን ወጣን፤ ሠላሳ ሁለት ሆነን እንገባለን፤
የጎደለ ካለ፣ ከመርከቡ ወጥ ቤት አንድ ሰው እንበደራለን።"
ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ቀልድ ነው፤ አልዛገም።

አውቶቡሱ ዳር ዳሩን ይዞ ድልድዩ ጋ ሲደርስ
ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ ደቅና ትነሣለች፦
"ወደ ግራ ተመልከቱ! የቻም ነገሥታት ግንብ፤ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤
ጡቡ በምን እንደ ተጣበቀ ጠቢቡን ሁሉ አጨቃጭቋል።"
ሠላሳ ሁለት አንገት ወደ ግራ።
በቀኝ በኩል፣ ያን ጊዜ፣
ሰማያዊ በር፤ ደጃፉ ላይ የተዘረጋ መረብ፤
የላስቲክ በርጩማ፤ በርጩማው ላይ
መረቡን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ የምትጠግን አሮጊት።
አለፈች።

አፍራባት አይደለም። ካሜራ ያየች እንደሆነ
እናቷ አፏን በመዳፏ ትከድናለች፤ ሦስት ጥርሷ የለም፤
ከዚያ በኋላ እስከ ማታ እህል አትቀምስም።
ስለዚህ ነው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሺህ ዓመት ግንብ
አንዲት የቆርቆሮ ቤት የጋረደችው።

ቀኑ እንደ ሐሙስ ሄደ። ወደ ነጩ ቡድሃ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ፤
ጉልበቱን ያመመው ሰው እታች ቀርቶ ኮኮናት ጠጣ።
ገበያው ውስጥ አንዱ የዓሣውን መረቅ አሽትቶ ፊቱን አዞረ፤
አንዱ ኢንተርኔት ፈለገ፤ አንዷ ሦስት ኮፍያ ገዛች።
በመጨረሻ ግንቡ ሥር ወረዱና ፎቶ ተነሡ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ።
ደገመች። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረች። ሠላሳ አንድ።
ዴልፊና የለችም፤ ፀጉረ ነጯ፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልወጣት።
መርከብ ሰው አይጠብቅም፤ የመጨረሻው ጀልባ በዐሥር ተኩል ነው።

ሮጠች። ዳቦ ሻጯ አላየችም። ሎተሪ አዟሪው ልጅ
አፉን ሞልቶ ስለ ነበር በአገጩ ብቻ ጠቆማት፦
ከድልድዩ ማዶ። ወደ ቀኝ።

ሰማያዊው በር ደጃፍ፣ ሁለት በርጩማ።
ዴልፊና ጫማዋን አውልቃ መረቡን በአውራ ጣቷ ወጥራለች፤
የፖርቱጋል ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ማን ጠይቋት?
አንዷ ቋጠሮዋን ወደ ግራ፣ አንዷ ወደ ቀኝ ትጠመዝዛለች፤
አንዷ በቬትናምኛ ትቆጣለች፣ አንዷ በፖርቱጋልኛ ትመልሳለች፤
የሚያግባባ ቃል የላቸውም፤ ሙግቱ ግን ጦፏል።
እናትየው ትሥቃለች፤
አፏን ሳትከድን።

መርከቡ ጮኸ።
ዴልፊና ቀና ብላ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ "እናትሽ ናት?"
የነገሥታትን ስም ከነዘመናቸው የሚያንበለብል አፍ
አንድ ቃል ብቻ አዋጣ፦ አዎ።
መሮጥ ሲገባትም፣ የያዙትን ቋጠሮ እስኪጨርሱ ቆመች።

ሠላሳ ሁለት።

በሳምንቱ ሌላ መርከብ፣ ሌላ ሰው። ድልድዩ ጋ
"ወደ ግራ ተመልከቱ" አለች እንደ ልማዷ፤
ግንቡ፣ ነገሥታቱ፣ ጠቢብ ያጨቃጨቀው ጡብ።
ሁሉም ዞሩ።
እሷ ወደ ቀኝ አየች፦
መረቡ፤ እናቷ፤
አጠገቧ ደግሞ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ያልነበረ፣
ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ።