ቁጥር ሦስት

ስድስቱ ሲቀዝፉ ሥራዬ መቁጠር ነው፤
መሪውን ጨብጬ መጮኽ፦ "ሳብ! ልቀቀው!"
ጀርባቸው ወደ ፊት፣ ፊታቸው ወደ እኔ፣
የእያንዳንዱን ላብ ያውቀዋል ዓይኔ።
የማን ክንድ እንደ ዛለ፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው፣
ማን ጥርሱን ነክሶ ሕመሙን እንደ ቀበረው፣
ከቫግ ወደብ ወጥተን ጭጋጉን ስንሰነጥቅ
ከፊት አነባለሁ፤
                    እል ነበር ሳልጠየቅ።

ትሮንዱር ነው ሦስተኛው፤ ሃያ አንድ ዓመቱ፣
ከዓሣ ፋብሪካ ይመጣል፣ ጨው ሳይለቅ ከፊቱ።
ሰኔ እንደ ገባ ጉሮሮውን ሲከረክረው
ትኩስ ወተት ጠጣ፤ "ሻረኝ" አለ፤ መች ሻረው?
"ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" አለኝ። እኔም "ያልፋል" አልኩ፤
ውድድሩ በሐምሌ ነው፤ ቀን ነበር የቆጠርኩ።
ያን ሰሞን ነው እኔ "ቁጥር ሦስት! ወዴት ነህ?
ክንድ አይደለም ያጣነው፤ የት ሄደ ልብህ?"
ብዬ የጮኽሁበት።
እንደ ዘበት።

ልቡን ስጠይቀው፣ ልቡን ልብ አላልኩም።

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ከወደቡ አፍ ሳንርቅ፣
መቅዘፊያው ከእጁ አምልጦ ውኃው ላይ ሲወድቅ
ትሮንዱር ደረቱን በሁለት እጁ ያዘ፤
ጀልባዋ ዞረች።
አምስት መቅዘፊያ አየር ላይ ፈዘዘ።

በሄሊኮፕተር ወሰዱት፣ ቶርስሃቭን፣ ከሆስፒታሉ።
"ጋዝ ነው" ያሉ ነበሩ፤ "ጡንቻ ነው የሳበው" ያሉ።
እናቱ ማርዩን ዝም። ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ
የልቡ ምት መስመር ኮረብታ ሠርቶ ተነፋ።
ከደሙ ቀዱለት፤ ትሮፖኒን የሚሉት፣
ልብ ሲቆስል የሚያነባው፣ ሞልቶ አገኙት።
በክንዱ ሥር ቀጭን ቱቦ ሰደው መንገዱን አዩ፤
የልቡ ሥሮች አልተደፈኑም፤ ጠርተው፣ ነጽተው ታዩ።

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለች ማርዩን።
ሐኪሟ ዱሪታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
"ያ ጉንፋን" አለች፣ "ጉሮሮ ላይ አልቀረም፤
በደም ተሳፍሮ ሄዶ ከልቡ ጡንቻ ገባ።
የሰውነት ዘበኛ ሌባውን ሲያባርር
ቤቱንም መታው፣ ግድግዳው እስኪሰበር።
የልብ ጡንቻ ብግነት ነው።
                    ቫይረስ ብቻም አይደል፤
አንዳንዱን መድኃኒት፣ አንዳንዱን የገዛ አካሉ ያቆስለዋል።
ይሄኛው ግን በትኩሳት ላይ ቀዝፎበታል።"

ቀዝፎበታል አለች። አስቀዝፌው ነው ግን።

ኮፐንሃገን ልከው ከማግኔት ዋሻ አስገቡት።
"ትንፋሽህን ያዝ" አሉት። "ልቀቅ" አሉት።
ያዝ። ልቀቅ። ያዝ። ሌላ መሪ፣ ሌላ ቆጣሪ፤
በልቡ ጎን ነጭ መስመር፣ ባሕር ሲሸሽ ጨው ቀሪ።
"ልቡ ሰፍቷል" አሉን።
ልበ ሰፊ ሲባል ምርቃት ይመስለኝ ነበር።

መድኃኒቱስ? ክኒን አለ፣ ምቱን የሚያረጋጋ፤
ሌላም አለ፣ ሸክም የሚያቀል፣ ማታና ሲነጋ።
ዋናው ግን በፋርማሲ መደርደሪያ አይገኝም፦
"ስድስት ወር" አለች ዱሪታ፣ "መቅዘፊያ አትነካም።
አትሮጥም። ደህና ነኝ ባልክበት ቀንም አትሮጥም፤
በቆሰለ ልብ የሮጠ ድንገት ይወድቃል፣ አይነሣም።"
"ከዚያስ?"
          "ከዚያ ደግመን እናያለን።"
ተስፋ ሰጠችው አልልም። ቀን ሰጠችው።

ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ ሻይ ማማሰል ተማረ፤
በመስኮት ባሕር እያየ ከወንበር ላይ ሰነበተ።
እናቱ ገመድ እንዳይስብ በሩን ትጠብቃለች፤
ስልኬን ሲያነሣ ስለ ነፋሱ ነው የሚጠይቀኝ፣
ስለ ሌላ አናወራም።

የሐምሌ ውድድር መጣ። በትሮንዱር ቦታ ሆግኒ ተቀመጠ፣
የአጎቱ ልጅ፤ ጎበዝ ነው፤ ግን ፊቱን ማንበብ አቃተኝ።
ጮኽሁ፣ ቆጠርኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤
አራተኛ ወጣን።
ማንም አልወቀሰኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

ጀልባዋን ስናስጠጋ ከወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤
ሁለት ጣቱን አንጓው ላይ አኑሮ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ።
ዝም ብዬ ጠበቅሁት፣ ቆጥሮ እስኪጨርስ።
"ስልሳ ሁለት" አለኝ።

ልብ አልኩ።